ትንሹ ይበቃናል ያለው ጊታሪስት

አንድ የባንድ መሪ ነበር። ላቀው ይባላል። በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ይኖር ነበር፤ የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በእህል መጋዘን ኃላፊነት ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን የመጋዘኑን ቁልፍ ኪሱ ከትቶ በየሠርጉ ድራም ይመታ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ድራሙን አልተወም። መጋዘኑም እሱን አልተወውም። ጆንያ ሲያሾልኩ እጅ ከፍንጅ የያዛቸው ሰዎች ነበሩና፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅለት «ለምን ሳቀልኝ?»፣ ሲያኮርፈው «ምን ቢደብቀኝ ነው?» ማለት ልማዱ ሆነ። ሚስቱ ስትገሥጸው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላትና ያልፋል። ክፉ ሰው አልነበረም። የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ብቻ ካስታረቃቸው በኋላ ሁለቱም የዋሹት ይመስለዋል።

በባንዱ ውስጥ ምናሴ የሚባል ጊታሪስትና ትርሲት የምትባል ድምፃዊት ነበሩ። ምናሴ ቀን ቀን ፎቶ ቤት የሚሠራ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ወጣት ነው። ትርሲት ነርስ ናት። በዚያ ዓመት ወደ ሩቅ አገር ተዛውራ ከፋሲካ በኋላ እንድትሄድ ተወሰነ። ባንዱ ለዓመታት በየድንኳኑ ሲጫወታቸው የኖሩ የራሱ ዘፈኖች ነበሩት፤ አንዳቸውም ግን ተቀርጸው አያውቁም። «እሷ ሳትሄድ እንቅረጻቸው» ተባለ። ሁሉም ተስማሙ።

ችግሩ የጊታሩ ድምፅ ነበር። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አሮጌው አምፕሊፋየራቸው ለሠርግ ደህና ነው፤ ለቀረጻ ግን ደህና ድምፅ እንዲሰጥ እስኪንቀጠቀጥ መጮህ አለበት። ቀረጻው የሚካሄደው ደግሞ በላቀው ሳሎን ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ አራስ አለች። ስለዚህ አምፕሊፋየር ሳይኖር የአምፕሊፋየርን ድምፅ አስመስሎ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ዲጂታል ሳጥን ያስፈልጋቸው ነበር። ሙዚቀኞች ሞዴለር ይሉታል። በዋና ከተማው ሁለት ዓይነት ይሸጣል መባሉን ሰሙ። አንደኛው በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ፣ ዋጋውም የሚደፈር ነው። ሁለተኛው ትልቅ፣ ከብረት የተሠራ፣ በትልልቅ ስቱዲዮዎች የሚታይና የባንዱን የሠርግ ቁጠባ ጠራርጎ የሚወስድ ነው።

«ሂድና ሁለቱንም ሞክር» አለው ላቀው ምናሴን። «በጊታር ነገር የአንተን ጆሮ ነው የምናምነው።»

ምናሴ ሄደ። ላቀው ግን ልጁ ተመልሶ ምን እንደሚል አስቀድሞ ያወቀ መሰለው። ጊታሪስት ውድ ዕቃ አይቶ ያለ እሱ አልጫወትም እንደሚል አልተጠራጠረም። ስለዚህ «እኛ ሀብታም አይደለንም» የሚል ንግግር አዘጋጅቶ፣ አሳምሮ ጠበቀው።

ምናሴ ሲመለስ ገና ቦርሳውን ሳያወርድ «ትንሹ ይበቃናል» አለ።

የላቀው ንግግር ሳይነገር ቀረ። «ይበቃናል ማለት?»

«ሁለቱንም ረፋዱን ሙሉ ሞከርኳቸው፣ ጋሽ ላቀው። ትልቁ ግሩም ዕቃ ነው፤ አልዋሽዎትም። ብቻዬን ስጫወት ጣቴ ሥር ትንሽ ይለያል። ድራሙና ቤዙ ሲገቡበት ግን ልዩነቱን እኔ ራሴ አልሰማውም። በውስጡ ከመቶ በላይ የአምፕሊፋየር ዓይነት አለው፤ እኛ የምንፈልገው ሁለት ወይ ሦስት ድምፅ ነው። አገር ላገር እየዞረ መድረክ ላይ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። ለእኛ ቀረጻ ትርፍ ነው። በሚተርፈው ለትርሲት ደህና ማይክ ብንገዛላት ይሻላል።»

ይህ መልስ ሌላ ሰው ቢሰማው ደስ የሚያሰኝ ነው። ላቀው ግን ቅር አለው። ጊታሪስት ሆኖ ምርጡን ዕቃ እምቢ የሚል ሰው አይቶ አያውቅም። መጋዘን ሳለ «ይህ ጆንያ ለእኔ ይቅርብኝ» የሚል ጫኝ ካየ፣ ሌላ ጆንያ የሄደበትን ነበር የሚፈልገው። የትንሹ ሳጥን ነጋዴ ምን ሰጥቶት ይሆን? ደግሞስ ማይክ ለትርሲት? ለምን ለትርሲት? በዚህ መሐል ዓይኑ ወደ ምናሴ እግር ወረደ። ልጁ አዲስ ጫማ አድርጓል። ሲሄድ ያደረገው አሮጌ ነበር።

«እናስብበታለን» አለው ላቀው።

በማግሥቱ ላቀው ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ አለ። ምናሴ አልነበረም። ባለቤቱን ሰላም ብሎ ወዲያ ወዲህ ካለ በኋላ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ «ይሄ ምናሴ ሰሞኑን ገንዘብ አግኝቷል እንዴ? ጫማ በጫማ ሆኗል» አለ። ባለቤቱ ሳቀ፤ አላውቅም አለ። ላቀው ቀጥሎ የሰፈሩን ሊስትሮ አዋዝቶ ጠየቀ፤ ቀጥሎ የምናሴን የአክስት ልጅ። በትንሽ ከተማ እንደ ቀልድ የተጠየቀ ነገር እንደ ቀልድ አይቀርም። ላቀው ይህን ያውቅ ነበር፤ ግን ጥያቄ ማንንም አይጎዳም ብሎ ራሱን አሳመነ።

ምንም ፍንጭ ሲያጣ ደግሞ ጥርጣሬው ባሰበት። ፍንጭ ያልተገኘበት ነገር በደንብ የተሸፈነ ነገር ነው ብሎ አመነ። ስለዚህ «የታመመ ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ለቤተሰቡም ለባንዱም ተናግሮ፣ በእጁ የነበረውን የባንዱን ቁጠባ ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረና ዋና ከተማ ገባ።

ምናሴ የሄደበትን ሱቅ አላጣውም። ባለቤቱ ነስሩ የሚባል፣ ጢሙ የሸበተ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ጊታር ራሱ ይሞክራል። ላቀው ማንነቱን ሳይናገር ሁለቱን ሳጥኖች እንዲያሰማው ጠየቀ። ነስሩ አንዱን ጊታር አንስቶ ያንኑ ዜማ በትንሹም በትልቁም ተጫወተለት።

«ቆይ፣ ልዙር» አለ ላቀው። «ሳላይ አሰማኝ።»

ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ነስሩ ተጫወተ። ላቀው «ይሄኛው ትልቁ ነው» አለ። ትንሹ ነበር። እንደገና አስጫወተው፤ እንደገና ሳተ። አንዴ ሲያገኝ አንዴ ሲስት ቆየና ዞሮ ገመዶቹን ይመረምር ጀመር። ሁለቱም ገመዶች ወደ አንዱ ሳጥን የገቡ መስሎት ጎንበስ ብሎ በጣቱ ተከተላቸው። አልገቡም። የላቀው ሐሳብ ግን «ለካ ይህን ያህል ተቀራራቢ ናቸው» ወደሚለው አልሄደም። «ሁለቱ አንድ ከሆኑብኝ፣ አንድ ያስመሰላቸው ሰው አለ ማለት ነው» አለ በሆዱ።

ቀና አለና «በቀደም አንድ ቀጠን ያለ ወጣት መጥቶ እነዚህን ሞክሮ ነበር?» አለው።

ነስሩ ትንሽ አሰበ። «መጥቶ ነበር። ጎበዝ ተጫዋች ነው።»

«ምን ምን አላችሁ?»

ነጋዴው ጊታሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እርስዎ ዘመዱ ነዎት? ወይስ አብራችሁ ትሠራላችሁ?»

«ኧረ አላውቀውም» አለ ላቀው። «ሲወራ ሰምቼ ነው።»

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የአንዱን ደንበኛ ወሬ ለሌላው አላወራም። ነገ ደግሞ የእርስዎን ለሌላ እንዳላወራ ነው።»

ላቀው ይህን ሲሰማ ነገሩ ሁሉ የተገለጠለት መሰለው። የሚደበቅ ነገር ባይኖር ኖሮ ለምን ይደበቃል? «ትልቁን ጠቅልልልኝ» አለ።

«ለመድረክ ነው ወይስ ለቀረጻ? ለቀረጻ ብቻ ከሆነ እኮ…»

«ጠቅልልልኝ አልኩህ።»

ትልቁን ሳጥን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከሌባ እጅ ንብረት እንዳስጣለ ሰው ኮርቶ አገሩ ተመለሰ።

በቀረጻው ቀን ባንዱ በላቀው ሳሎን ተሰበሰበ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ ፍራሽ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ቤዝ ተጫዋቹ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል። ትልቁ ሳጥን መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ምናሴ ከደጅ ገባና አየው።  ላቀው ወደ እግሩ ተመለከተ፤ አዲሱን ጫማ አላደረገም። ያው አሮጌው ነው።

«ጋሽ ላቀው፣ የታመመው ዘመድዎ ዳነ?» አለ ምናሴ።

«ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን።» ምናሴ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጊታሩን ከሳጥኑ ጋር አገናኘ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ላቀው ተሟግቶ፣ ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለው ነበር፤ ለቁጣው የተዘጋጀ መልስ ነበረውና። ዝምታውንም «የተነቃበት ሰው ዝምታ ነው» ብሎ ተረጎመው።

ሁሉም ጥሩ ተጫወቱ። ምናሴ አንዲት ስሕተት አልሠራም። ላቀው አራሷን እንዳይረብሽ በጨርቅ ያፈነውን ድራሙን ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲከታተል ዋለ። በየመሐሉ «እሱ ቁልፍ ምንድን ነው? ለምን አዞርከው?» ይለዋል። ምናሴም በትሕትና ያስረዳዋል፤ ካስረዳ በኋላም ቁልፉን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ከሳጥኑ የሚወጣው ድምፅ ጥርት ያለ፣ ወፍራም፣ የከበረ ነበር።

ሥራው አልቆ ዘፈኖቹን ከዳር እስከ ዳር ሲያዳምጧቸው ግን ላቀውን አንድ ነገር ከነከነው። የላቀው ጆሮ የጊታርን ድምፅ አይለይም፤ ምት ግን ይለያል። ምናሴ በሠርግ ላይ ሲጫወት አንድ ጠባይ ነበረው። ድራሙ ሲጠራው ወዲያው አይመጣም። እንደሚያሾፍ ሰው ትንሽ ያስጠብቅና፣ ታዳሚው «የት ሄደ?» ሊል ሲል ዘው ይላል። ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀር ትከሻ የለም። በዚህ ቀረጻ ውስጥ ግን ምናሴ አንድ ጊዜም አላስጠበቀም። የፊርማ ሰዓት እንዳያልፍበት እንደሚሮጥ ሠራተኛ በየምቱ ላይ በሰዓቱ እየተገኘ አልፏል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ላቀው። ምናሴ ሄዶ ነበር፤ የቀረችው ትርሲት ናት።

«አልሰሙትም?» አለችው። «እንደ ተከሳሽ እኮ ነው የተጫወተው።»

«ማን ከሰሰው?»

ትርሲት ነጠላዋን አጣፋች። «ጋሼ፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሊስትሮው ሳይቀር ያወራል። ያ ጫማ የወንድሜ ነው፤ ጠብቦት ነው ለምናሴ የሰጠሁት። ለከተማው እንዲሆነው ብዬ ሲሄድ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩለት። ወሬውን ከሰማ ወዲህ አድርጎት አያውቅም።»

ላቀው ደነገጠ። ቢሆንም የለመደ ልብ በአንድ ጊዜ አይመለስምና፣ ጥፋቱን የሚጥልበት ሌላ ሰው ፈለገ። ሳጥኑ ነው አለ። ያ ነጋዴ የተበላሸ ሳጥን አስታቅፎኛል አለ። በማግሥቱ ጠዋት ስልክ ደወለለት።

«የሸጥክልኝ ዕቃ ሕይወት የለውም» አለው። «ባንዴን አበላሸህብኝ።»

«ባንድዎን?» አለ ነስሩ በተለመደው ለስላሳ ድምፁ። «ባንድ አለዎት? ጊታሪስቱ ማን ነው?»

ላቀው ከዚህ በኋላ መደበቅ አልቻለም። «በቀደም መጥቶ የሞከረው ልጅ ነው። ምናሴ ይባላል።»

ነስሩ ነገሩ ገባው። «ያኔ አላውቀውም አሉኝ እኮ፣ ወንድሜ። የእርስዎ ሰው መሆኑን ቢነግሩኝ ሁሉንም እነግርዎት ነበር። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ አልደብቅዎትም። ትልቁን ብሸጥ ነው የሚሻለኝ። ልጁን ‹ትልቁን ካስገዛሃቸው የድካምህን አስብልሃለሁ› ብዬው ነበር። ምን አለኝ መሰለዎት? ‹የድካሜን ከትንሹ ዋጋ ላይ ቀንስላቸው› አለኝ። እኔም አፍሬ እሺ አልኩት። ይመጣሉ ብዬ ትንሹን ለይቼ አስቀምጬላችሁ ነበር። ሳጥኑ ደህና ነው፤ ከፈለጉ ያምጡት፣ እመረምረዋለሁ። ግን ምንም ጉድለት አያገኙበትም። ያስገቡበትን ነው የሚያወጣው።»

ላቀው ስልኩን ዘጋ። በመጋዘኑ ዘመን የያዛቸው ሌቦች አንድ በአንድ ትዝ አሉት። ከዚያም ያልሰረቁት ትዝ አሉት። በር ላይ አቁሞ የፈተሻቸው፣ ኪሳቸውን ያስገለበጣቸው፣ ምንም ሳይገኝባቸው «ሂድ» ብቻ ያላቸው ሰዎች። አንዱንም ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም። ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር መሆኑንም እስከዚያ ቀን አላሰበም።

ተነሥቶ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደ። ደንበኞች ተቀምጠዋል፤ ባለቤቱም አለ። ምናሴን ወደ ውጭ ጠርቶ በሹክሹክታ ሊነግረው አስቦ ነበር። ከዚያ ግን ወሬውን የጀመረው እዚሁ ወለል ላይ ቆሞ መሆኑን አሰበ።

«ምናሴ» አለ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «በደልኩህ። የታመመ ዘመድ የለኝም። የሄድኩት አንተን ላጣራ ነው። የጫማህንም ነገር እዚህ ቤት የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ነስሩ የሆነውን ሁሉ ነግሮኛል። ይቅር በለኝ።»

ምናሴ የያዘውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ታላቅ ሰው ሲያፍር ማየት ከብዶት መሬት መሬት አየ።

«ይቅር ብያለሁ፣ ጋሽ ላቀው። እኔ ይቅር ብያለሁ። እጄ ግን ገና አልሰማም።»

ትርሲት ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ደግመው ሞከሩ። ላቀው ጭራሽ ከሳሎኑ ወጥቶ ጓሮ ተቀመጠ። አጨዋወቱ ትንሽ ተሻለ፤ ያ የድንኳኑ ምናሴ ግን አልመጣም። ቢመጣለት ልጁም ደስ ባለው፤ ራሱ እየታገለ ነበር። ሰው ልቡን ሲታዘዝ እንጂ ልቡ ሰውን ሲታዘዝ አይታይም። ጊዜው አለቀ። ትርሲት ሁሉንም አቅፋ ስማ ሄደች። የቀረላቸው የተቀረጸው ብቻ ነው፤ እሱኑ አወጡት።

ሰው ወደደው። ያገኛቸው ሁሉ «ጥራቱ ግሩም ነው» አላቸው። አንድ ሠርግ ላይ ባንዱ ለምግብ ዕረፍት ሲወጣ ያንኑ ቀረጻ በትልቅ ስፒከር ከፈቱት። ላቀው ሳህኑን ይዞ ቆሞ ታዳሚውን ተመለከተ። ድምፁ ጥርት ብሎ ድንኳኑን ሞላው። ሰዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ፤ መብላታቸውንም ቀጠሉ። የተነሣ ትከሻ አልነበረም።

በዚያው ሠርግ ላይ ከጎረቤት ከተማ የመጣ የሌላ ባንድ መሪ ወደ ላቀው ጠጋ አለ። «እኛም ልንቀርጽ ነው» አለው። «ሁለት ዓይነት ሞዴለር አለ ይሉናል፤ አንዱ ርካሽ፣ አንዱ ውድ። ይሄን በየትኛው ነው የሠራችሁት? የቱን እንግዛ?»

«በውዱ ነው የሠራነው» አለ ላቀው።

«እንግዲያው ውዱን ነው የምትመክረኝ?»

ላቀው ሳህኑን አስቀመጠ። «እኔን አትጠይቀኝ። ጊታሪስትህን ላከውና ሁለቱንም ይሞክር። ሲመለስ ትንሹ ይበቃናል ካለህ ትንሹን ግዛ፤ ትልቁ ያስፈልገናል ካለህም አቅምህን አይተህ ተነጋገሩ። የነገረህን ለማጣራት ከፈለግህ ደግሞ አብረኸው ሂድ፤ ከኋላው አትሂድ።»

ሰውየው መልሱ የገባው አይመስልም፤ አመስግኖ ሄደ።

ወዳጆቼ፣ ዕቃ ስንገዛ መመርመር፣ ማወዳደር፣ ነጋዴን አጥብቆ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ማንም አይከፋበትም። ምክርን መመዘንም ብልህነት ነው። ነገር ግን የምክሩን ልክ መመዘን ትተን የመካሪውን ልብ በስውር ስንሰልል፣ ያጣነው ያንን ምክር ብቻ አይደለም። በነፃነት ይሠራልን የነበረውን እጅም እናጣለን። ውድ መሣሪያ የተጠረጠረን ሰው ሥራ አያሳምረውም፤ ፍርሃቱን አጥርቶ ያሰማል እንጂ። ለተበላሸ ዕቃ ዋስትና አለ፤ ወስደን እንመልሰዋለን። በስውር ያጣራነውን ሰው ግን ይቅርታ ጠይቀነው፣ ይቅርም ብሎን፣ እንደ ነበረ ላናገኘው እንችላለን።

እስኪ ዛሬ ቤታችንን፣ መሥሪያ ቤታችንን፣ ጓደኞቻችንን ዞር ብለን እንይ። ምንም ሳይሳሳት፣ ምንም ሳያጎድል፣ ግን እንደ ተከሳሽ እየተጠነቀቀ አብሮን የሚኖር ሰው ማን ነው? ከሳሹስ ማን ይሆን?